የሳሎኑ ሻንደሊየር፦ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ሥራ

ጥቅምት መጨረሻ፣ ቅዳሜ

እህቴ ከዱባይ በካርጎ የላከችው ሻንደሊየር ዛሬ ደረሰ። ሁለት ትልልቅ ካርቶን ነው። አንደኛው ውስጥ የብረት አካሉ አለ። ሁለተኛው ውስጥ ክሪስታሉ በስፖንጅ መሃል ተደርድሯል። ካርቶኑ ገና ሳይከፈት እማዬ «ለገና ይደርሳል አይደል?» አለች። ይደርሳል። ግን ሥራው አሮጌውን አውርዶ አዲሱን መስቀል ብቻ አይደለም። አሮጌው ክብ የፕላስቲክ መብራት ነው፤ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ይሄኛውን ሁለት ሰው ነው ተሸክሞ ያስገባው።

መጀመሪያ ክብደቱን ማወቅ አለብኝ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከነማሸጊያው ይሁን ያለማሸጊያው አይናገርም። ስለዚህ ሰፈራችን ያለው ወፍጮ ቤት ወስደን ሚዛን ላይ ጫንነው። ጤፍ ይዘው የተሰለፉት ሴቶች አዩን፣ ሳቁብን፣ ዋጋውንም ጠየቁን። አካሉ 13 ኪሎ፣ ክሪስታሉ 19 ኪሎ። በድምሩ 32።

ክሪስታሉ ላይ «ኬ9» የሚል ምልክት አለ። ኬ9 እርሳስ የሌለው መስታወት ነው፤ የሌንስ መስታወት ዘመድ ነው። ገበያ ላይ ክሪስታል ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ ግን አክሪሊክ ነው፤ ፕላስቲክ ማለት ነው። ለመለየት ጉንጭ ላይ ማስነካት ይበቃል። መስታወት ይቀዘቅዛል፤ አክሪሊክ ያን ያህል አይቀዘቅዝም። የእኛው ይቀዘቅዛል። 19 ኪሎውም ከዚያ ነው የመጣው።

አሁን ልኩ። ሳሎናችን 4 በ5 ሜትር ነው። በልማድ የሚሠራበት ስሌት እንዲህ ነው፦ የክፍሉን ወርድና ርዝመት በሜትር ደምር፣ በ8 አባዛ፣ የሚመጣው የመብራቱ ወርድ ነው፣ በሴንቲ ሜትር። ለእኛ 72 ይመጣል። ይሄ 90 ነው። ለእማዬ «ትንሽ ይበዛል» አልኳት። «ትልቅ ይሁን ብላ አይደል እንዴ የላከችው?» አለች። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ቁመቱ ግን ያሳስበኛል። መብራቱ 1 ሜትር ከ10 ነው። ኮርኒሱ ከወለሉ 3 ሜትር ከ40 ላይ ነው። ደጉ ዘመን ኮርኒስ ከፍ ይደረግ ነበር። ሰው በሚያልፍበት ቦታ የመብራቱ ጫፍ ከወለሉ ቢያንስ 2 ሜትር ከ10 ከፍ ማለት አለበት። ከምግብ ጠረጴዛ በላይ ቢሆን ሌላ ነው፤ ከጠረጴዛው ገጽ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ይበቃው ነበር። የእኛው ከሶፋዎቹ መሃል ነው የሚሰቀለው። ሰንሰለቱን 15 ሴንቲ አድርጌ ላሳጥረው ነው። ጫፉ 2 ሜትር ከ15 ላይ ይቆማል። የረጅሙ አጎቴ ራስም ይተርፋል።

እሑድ

ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ ያዝኳቸው። ካርቶኑን አዩና «መጀመሪያ ላዩን እንየው» አሉ። ላዩን ያሉት ኮርኒሱን ነው።

ኮሪደሩ ላይ 60 በ60 ሴንቲ የሆነች የኮርኒስ መግቢያ አለች። ወጣሁ። አቧራ፣ የአይጥ ጎጆ፣ የድሮ ጋዜጣ። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪና ማስክ የግድ ነው። ሌላው የግድ ደግሞ የሚረገጠውን ማወቅ ነው። ቺፑዱን፣ ማለትም የኮርኒሱን ስስ ጣውላ፣ የረገጠ ሳሎን ውስጥ ነው የሚገኘው።

ከላይ የሚታየው ይሄ ነው። ቺፑዱ ከሥር በሚስማር ተመቷል። የያዙት 4 በ5 ሴንቲ ሞራሌዎች ናቸው። ሞራሌዎቹ ደግሞ የጣሪያውን ሸክም የሚይዙት የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች ላይ፣ ያውም ከሥር ወደ ላይ፣ በሚስማር ተመትተዋል። እንግዲህ ኮርኒሱ በሙሉ በሚስማር ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ሚስማር ከጎን ሲገፉት ጎበዝ ነው። በቁመቱ ሲጎትቱት ግን የሚይዘው የእንጨቱ ጭምቀት ብቻ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ጭምቀቱ ይላላል። ለቺፑዱ በቂ ነው። ለ32 ኪሎ ግን አይሆንም። ያውም በአንድ ቦታ ላይ ለተንጠለጠለ፣ ዓመት ሙሉ ለማይወርድ 32 ኪሎ።

ብዙ ቤት የሚደረገውን አውቃለሁ። ሞራሌው ላይ ወፍራም ብሎን ይታሰርና ይሰቀላል። ለትንሹ መብራት ችግር የለውም። አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ደንቡ ከ50 ፓውንድ፣ ማለትም ከ23 ኪሎ ገደማ በላይ የሆነ መብራት፣ ለዚያ ክብደት ተብሎ በተሠራ ሳጥን ካልሆነ በስተቀር የመብራቱ ሳጥን ላይ እንዲንጠለጠል አይፈቅድም። ራሱን የቻለ ተሸካሚ ይፈልጋል። ይሄ ሻንደሊየር ያንን መስመር አልፎታል።

ሰኞ ማታ

ሁለት ምርጫ አለኝ። አንደኛው፣ ከሁለት የባሕር ዛፍ አግዳሚ በላይ ወፍራም ጣውላ አጋድሞ ከሱ ላይ መስቀል። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው። ግን አግዳሚዎቹ በመሃላቸው ተቀጣጥለዋል፤ መቀጠያው ላይ ስንጥቅ አይቻለሁ። ቆርቆሮውንና ኮርኒሱን ተሸክመው ነው እዚህ የደረሱት። ተጨማሪ ሸክም ላስረክባቸው አልፈልግም።

ሁለተኛው፣ ጣሪያውን ጭራሽ ሳይነኩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ብረት ማጋደም ነው። ግድግዳዎቹ ብሎኬት ናቸው፤ ከላያቸው ግን የኮንክሪት ማሰሪያ አላቸው፤ ባለሙያዎቹ ቶፕ ታይ ቢም የሚሉት። ብረቱ ኮንክሪቱ ላይ ይቀመጣል። ኮርኒሱ ከሥሩ አለ፤ አይነካውም። ይሄን መረጥኩ።

የትኛው ብረት? በግምት «ወፍራም ይሁን» ማለት አልፈለግሁም። ሒሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ያለው ክፍተት 4 ሜትር ነው። መሃሉ ላይ 150 ኪሎ ቢንጠለጠል ብዬ አሰላሁ። ለምን 150 እንደሆነ ቆይቼ እመጣበታለሁ። 60 በ40 ሚሊ የሆነ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ አር ኤች ኤስ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ 35 ሚሊ ይለምጣል። አይሰበርም፤ ግን አልወደድኩትም። 80 በ40 በዚያው ውፍረት 17 ሚሊ ይለምጣል። ብረቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ተጣምሞ መቅረት ከሚጀምርበት ከግማሽ በታች ነው። 32 ኪሎ ብቻ ሲንጠለጠልበት ደግሞ ልምጠቱ 4 ሚሊ አካባቢ ነው። ያ ይበቃኛል።

አቀማመጡ ከውፍረቱ ያላነሰ ይወስናል። 80ው ጎን ቆሞ፣ 40ው ጎን ተኝቶ መቀመጥ አለበት። ያው ብረት ቢተኛ በሦስት እጥፍ ይለምጣል። ጋሼ ወረቀቱን አይተው «ይሄን ለበያጁ በጽሑፍ ስጠው። በቃል ከነገርከው ያስተኛዋል» አሉኝ።

ረቡዕ

ስለ ሽቦው ልናገር። የድሮው መብራት ኤልኢዲ ነው። ካጠፋነው በኋላም ሌሊት ጭል ጭል ይላል። እማዬ ለብዙ ጊዜ «ይሄ ነገር አይተኛም» ስትል ቆይታለች። ጋሼ ሰምተው ወዲያው ማብሪያ ማጥፊያውን ፈቱት። ቴስተር አስነኩ። ማጥፊያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን፣ ማለትም የመመለሻውን ሽቦ ነው። ፌዙ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ፣ በቀጥታ ወደ መብራቱ ሄዷል።

ይሄ ነገር በድሮ ቤቶች የተለመደ ነው። መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል፤ የሚያስታውቅ ነገር የለውም። ግን ማጥፊያው ጠፍቶም ሆልደሩ ውስጥ 220 ቮልት አለ። አምፖል ሊቀይር የወጣ ሰው አጥፍቻለሁ ብሎ ይነካዋል። የድሮው የሽቦ አምፖል ይህን ይደብቀው ነበር። ኤልኢዲ ግን በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚበቃው ከሽቦው የምታፈተልከው ትንሿ ጅረት ታበራዋለች። ጭል ጭል ማለቱ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። በትክክል የተሠራ መስመር ላይም ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን ረጅም መንገድ ከሄደ ሊታይ ይችላል። ቁርጡን የሚናገረው መለኪያ ነው።

ሌላም አገኘን። ኮርኒሱ ላይ ያለው ሽቦ በናስትሮ ተቀጣጥሏል። ናስትሮው ደርቆ እንደ ቅጠል ይረግፋል። አንድ ቦታ ላይ አይጥ ልባሱን በልታው መዳቡ ይታያል። ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ ሽቦ፣ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለት ሽቦ ብቻ። ፕላስቲኩ መብራት ኧርዝ አልፈለገም። ሻንደሊየሩ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብረት ነው። ከ18ቱ ሆልደር አንዱ ውስጥ ሽቦ ቢላላና አካሉን ቢነካ ብረቱ በሙሉ ፌዝ ይሆናል። አቧራ ሊጠርግ እጁን የሰደደ ሰው ይያዛል።

ስለዚህ ይህ መስመር ከብሬከሩ ጀምሮ አዲስ ይሆናል። ባለ 1.5 ሽቦ፣ በ10 አምፔር ብሬከር። ከማብሪያው እስከ መብራቱ አራት ሽቦ፦ ሁለት ፌዝ፣ አንድ ኒውትራል፣ አንድ ኧርዝ። ፌዙ ሁለት የሆነው የላዩን 6 አምፖልና የታቹን 12 አምፖል ለየብቻ ለማብራት ነው። በአዘቦት ቀን 6ቱ ይበቃሉ። 18ቱ ለእንግዳ።

ዛሬ ሥራ መሃል መብራት ሄደ። ጋሼ ግን እጃቸውን ከሽቦው አነሱና ብሬከሩን አውርደው ተመለሱ። «የሄደ መብራት ሳይነግርህ ነው የሚመጣው» አሉ። መብራት ሄዷል ብሎ ሽቦ ከመንካት የከፋ ነገር የለም። ብሬከሩ ወርዶ፣ ላዩ ላይ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ፣ ከዚያ ደግሞ በመለኪያ ተፈትሾ ነው የሚነካው። ትንሽ አምፖል ያለው ቴስተር ብቻውን አይታመንም፤ ደረቅ ወለልና ወፍራም ጎማ ጫማ ካለ ሊዋሽ ይችላል።

ኅዳር መጀመሪያ፣ ቅዳሜ

አር ኤች ኤሱ የሚሸጠው በ6 ሜትር ነው። 4 ሜትር ከ40 አስቆረጥኩ፤ በየጎኑ 20 ሴንቲ ግድግዳ ላይ እንዲያርፍ። ክብደቱ 23 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሁለት ሽፋን አንቲረስት ተቀባ።

መስቀያውን በተመለከተ ከበያጁ ጋር ትንሽ ተነጋገርን። እሱ ብረቱን መሃል ለመሃል በስቶ ብሎን ማሳለፍ ፈለገ። እኔ አልፈለግሁም። መሃሉ ብረቱ በጣም የሚጨነቅበት ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ቀዳዳ መክፈት ያደክመዋል። ከጠፍጣፋ ብረት ብረቱን ከላይ የሚያቅፍ ቀበቶ አሠራሁ። ከቀበቶው ሥር 12 ሚሊ ውፍረት ያለው ባለ ጥርስ ዘንግ ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ መንጠቆ። ዘንጉ ጥርስ ስላለው ከፍታውን በዳዶ ማስተካከል ይቻላል። በዳዶው ላይ ሌላ ዳዶ፤ እንዳይፈታ።

4 ሜትር ከ40 የሆነ ብረት በ60 በ60 ቀዳዳ አይገባም። በጎን በኩል አንድ ቆርቆሮ ማንሳት ነበረብን። ይሄ ሥራ ክረምት ላይ አይታሰብም። አሁን ሰማዩ ጥርት ብሏል። የቆርቆሮ ሚስማሮቹን ቀስ ብለን ነቀልን፤ ከጎንና ከጎኑ ያሉትን ቆርቆሮዎች ጠርዝ ከፍ አድርገን አንዱን አወጣን። ብረቱ ገባ። ጋሼ ከሥር ሆነው «ቆማለች? ቆማለች?» ይላሉ። ቆማለች። ጫፎቿን ኮንክሪቱ ላይ በማዕዘን ብረትና በብሎን አሰርናት፤ ሸክም ለመያዝ ሳይሆን እንዳትገለበጥ። ቆርቆሮውን መልሰን ስንመታ ሚስማሩንም ጎማውንም አዲስ አደረግነው። የድሮውን ቀዳዳ በአሮጌ ጎማ መዝጋት ሐምሌ ላይ ያጸጽታል።

እሑድ ጠዋት

የ150ው ነገር ይሄ ነው። የመብራት ዕቃ አምራቾች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ አይኢሲ 60598 ይባላል። የሚንጠለጠል መብራት መስቀያው የመብራቱን ክብደት አራት እጥፍ ለአንድ ሰዓት መሸከም አለበት ይላል። ደረጃው የሚናገረው መብራቱ ከፋብሪካ ይዞት ስለሚመጣው መስቀያ ነው። እኔ ግን ያንኑ ለብረቱም፣ ለቀበቶውም፣ ለግድግዳውም ተጠቀምኩበት። 32 በ4 ሲባዛ 128 ኪሎ ነው። 128 ኪሎ ቤት ውስጥ ከየት ይመጣል? ሲሚንቶ። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። ሦስት ከረጢት፣ 150 ኪሎ። የጓሮው አጥር ሊጠገን ስለሆነ ሲሚንቶው ቀድሞም ነበር።

አሰራሩ ላይ አንድ ነገር ጠንቅቀን ያዝን። ሲሚንቶውን ከኮርኒሱ ሥር አላንጠለጠልነውም። ከመንጠቆው ረጅም ሰንሰለት አወረድን፤ ጫፉ ላይ ጣውላ አሰርን፤ ጣውላውን ከወለሉ 10 ሴንቲ ብቻ ከፍ አደረግነው። አንድ ነገር ቢበጠስ የሚወድቀው 10 ሴንቲ ነው። እማዬ ምንጣፉን አጥፋ፣ ፕላስቲክ አነጠፈች፣ ከዚያ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች። «ሲያልቅ ጥሩኝ» አለች።

ኮርኒሱ ላይ ከብረቱ ጎን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ክር ወጥሬ ነበር። ልምጠቱን የምለካው ከክሩ ነው። አንድ ከረጢት፦ 6 ሚሊ። ሁለት፦ 12። ሦስት፦ 18። ወረቀቱ 17 ነበር ያለው። እኔ የሚገርመኝ የእነዚህ ነገሮች መግጠም ነው። አንድ ሰዓት ተቀመጥን፤ ቡና ተፈላ፤ እማዬም በመጨረሻ ወጣች። ከሰዓቱ በኋላም 18 ነው፤ አልጨመረም። ከረጢቶቹን ስናወርድ ብረቱ ወደ ዜሮ ተመለሰ። ወደ ዜሮ መመለሱ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሳይመለስ ቢቀር ብረቱ ተጣሟል ወይም መቀመጫው ሰምጧል ማለት ነበር። ብየዳውን በባትሪ አየሁት፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ የለበትም።

የአክስቴ ልጅ ከረጢት ሲያነሳ ነበር። ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። «እኔም አንድ ላድርግ» አለ። ስለዚህ ጉዳይ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው ይመለከተዋል። የብዙ ኮንዶሚኒየም ሶሌታ፣ ማለትም በፎቆቹ መሃል ያለው ወለል፣ ድፍን ኮንክሪት አይደለም። ተዘጋጅተው የመጡ ቀጫጭን ቢሞች ይደረደራሉ፤ በመሃላቸው ባዶ ሆድ ያለው ብሎኬት ይገባል፤ ከላይ ኮንክሪት ይፈስበታል። ከሥር ስትበሳ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው የብሎኬቱን ሆድ ነው። ድሪሉ ትንሽ ይታገልና በአንዴ ውልቅ ብሎ ይገባል። እዚያ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ፊሸር የሚይዘው ስስ የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ነው። ለከባድ ነገር ቢሙን ፈልጎ ማግኘት፣ ከሁለት ቢም ላይ የሚያርፍ ጠፍጣፋ ብረት ማሰር ያስፈልጋል። የቢሙ ሆድ ላይ ደግሞ ፌሮው አለ፤ ዝም ብሎ አይበሳም። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ የኮርኒስ ከፍታ ቀላል መብራት ያምራል። ነገርኩት። አልተዋጠለትም።

በሳምንቱ ማታ ማታ

ጋሼ ሽቦውን በቧንቧ ውስጥ አሳለፉት። ቧንቧው ለአይጥ ነው። መቀጠያዎቹ በሙሉ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ፣ በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ ሆኑ። ናስትሮ ብቻውን የያዘው መቀጠያ ከእንግዲህ የለም። የድሮው የሸክላ ቫልቮላ ውስጥ ተጠምጥሞ የተገኘውን የመዳብ ሽቦ ሲያዩ አንገታቸውን ነቀነቁ። ፊውዝ ሲቃጠል በወፍራም ሽቦ መተካት ማለት ቤቱ እስኪቃጠል መጠበቅ ነው።

ለኧርዙ ከኩሽና ጀርባ፣ አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነበት ቦታ ላይ የመዳብ ዘንግ ተቀበረ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ዘንጉ ብቻውን አያድንም። ለምሳሌ ዘንጉና አፈሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳዩት ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) 50 ኦም ቢሆን፣ ፌዝ አካሉን ሲነካ ወደ መሬት የሚሄደው 220 ሲካፈል ለ50፣ ማለትም 4.4 አምፔር ነው። 10 አምፔሩ ብሬከር ይሄን እንደ ተራ ጭነት ነው የሚያየው። አይወርድም። አካሉ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። ስለዚህ 30 ሚሊ አምፔር የሆነ አርሲዲ ገባ። እሱ የሄደውና የተመለሰው ጅረት ልዩነት ሲያይ ነው የሚቆርጠው። ጋሼ የሙከራ ቁልፉን ሲጫኑ ጧ ብሎ ወረደ። እማዬ በወር አንድ ጊዜ ቁልፏን እንድትጫን ተነገራት። ደስ ብሏት ከመጠን በላይ ትጫናለች።

አምፖሉም ተገዛ። ካርቶኑ ላይ «እስከ 40 ዋት» ይላል። በ40 ዋት 18 አምፖል 720 ዋት ነው። በ4 ዋት ኤልኢዲ 72። በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ የመጀመሪያው 3.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ ሁለተኛው የሱን አንድ አሥረኛ። ሱቆቹ በብዛት የሚሰጡት ነጩን፣ 6500 ኬልቪን የሚለውን ነው። ክሪስታል ግን በነጭ ብርሃን የሆስፒታል ኮሪደር ይመስላል። 3000 ኬልቪኑን፣ ሞቅ ያለውን ፈልጌ ገዛሁ። ሶኬቱ ቀጭኑ ጥርስ ነው፤ ኢ14።

ቅዳሜ

የሚሰቀልበት ቀን። ኮርኒሱ ላይ 12 ሴንቲ ክብ ቀዳዳ ከፈትን፤ የመብራቱ ክዳን 20 ሴንቲ ስለሆነ ይሸፍነዋል። ቺፑዱን የመብራቱ ዘንግ እንዳይነካው አድርገን ሰፋ አደረግነው። ኮርኒሱ ከዚህ ሥራ ውስጥ ምንም ሸክም የለበትም።

የሰቀልነው ባዶ አካሉን ነው። 13 ኪሎ ብቻ። አንድ ሰው አጠና መሰላል ላይ ሆኖ ይይዛል፣ ሌላው ያንጠለጥላል። ክሪስታሉን ወለል ላይ ገጥሞ 32 ኪሎውን ማንሳት የሚሞክሩ አሉ። ክሪስታሉም ይጋጫል፣ ወገብም ይቀጠፋል። መንጠቆው ላይ ከገባ በኋላ ቀጭን የብረት ገመድ በአካሉና በአር ኤች ኤሱ ዙሪያ ለብቻው አሰርን። መንጠቆው ቢከዳ የሚይዘው እሱ ነው።

ሽቦው ታሰረ፦ መጀመሪያ ኧርዙ፣ ቀጥሎ ኒውትራሉ፣ ከዚያ ሁለቱ ፌዞች። ሽቦው ላላ ብሎ ነው የታሰረው፤ ክብደቱን ሰንሰለቱ ይሸከም እንጂ ሽቦው አይጎተትም። ክሪስታል ከመግባቱ በፊት ለኮስነው። 6ቱ በሩ። 12ቱ በሩ። ጠፉ። ጭል ጭል የሚል የለም።

ክሪስታሉ የተገጠመው ከሰዓት ነው። የጥጥ ጓንት አደረግን፤ የጣት ቅባት በብርሃን ይታያል። አንድ ጎን ከሞሉት አካሉ ይዘማል። ስለዚህ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከትይዩው። ከውስጠኛው ቀለበት ወደ ውጭ፣ ከላይ ወደ ታች። የእህቴ ልጆች በቪዲዮ እያዩ «ያቺ ተጣማለች» ይላሉ ከዱባይ። እህቴ አቡ ዳቢ ያለውን የሼክ ዛይድ መስጊድ ትልቁን ሻንደሊየር አይታው ነው ይሄን የወደደችው። ያ 10 ሜትር ወርድና 15 ሜትር ቁመት አለው፤ 12 ቶን ገደማ ይመዝናል። የእኛውን 32 ኪሎ ለመስቀል ይሄን ያህል ከሆነ ያንን የሰቀሉት ሰዎች ምን ሲያስቡ እንዳደሩ እንጃ።

የአጥሩ ሲሚንቶ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ

ኮርኒሱ ላይ ወጣሁ። ክሩ እንደተወጠረ ነው። ልምጠቱ 4 ሚሊ ነው፤ በተሰቀለበት ቀን የጻፍኩትም 4 ነበር። ዳዶዎቹን በቁልፍ ነካሁ፤ አልዞሩም። የግድግዳው መቀመጫ ዙሪያ ልስን ላይ ስንጥቅ የለም። የሽቦው ሳጥን በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ነው።

በኮርኒሱ መግቢያ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በማርከር ጻፍኩ፦ የመብራቱ ክብደት፣ የብረቱ ልክ፣ የተፈተነበት ክብደት፣ መስመሩን የሚቆርጠው ብሬከር የትኛው እንደሆነ። ወደፊት ሌላ ሰው ሲወጣ ምን እንደሚነካ ይወቅ። ከ6 ሜትሩ የተረፈው 1 ሜትር ከ60 ብረት ጋራዥ ውስጥ አለ። የአክስቴ ልጅ ደጋግሞ እያየው ነው። ለኮንዶሚኒየሙ እንደማይሆን ዛሬም ነገርኩት።